የጋለ አፈሙዝ በአማርኛ፤ በአንድ ረቂቅ የሙያ ቃላት ዝርዝር ላይ የቀረበ ሂስ

ስለ ጦር መሣሪያ አያያዝ የተዘጋጀ አንድ የሙያ ቃላት ረቂቅ በቅርቡ ለአስተያየት ቀርቦልን ነበር። የረቂቁ ዓላማ ከባዕድ ቋንቋ ለሚተረጐም የማሠልጠኛ ጽሑፍ የሚያገለግሉ አቻ ቃላትን መወሰን ነው። አዘጋጆቹን በስም መጥቀስ ለሂሱ የሚጨምረው ነገር ስለሌለ እናልፈዋለን። ልፋታቸው ግን ምስጋና ይገባዋል። «ሰደፍ»፣ «ቀለሃ»፣ «ዝናር»፣ «ካዝና»፣ «ሳንጃ» የመሳሰሉትን፣ ሕዝቡ ዘወትር የሚናገራቸውን ቃላት እንዳሉ ተቀብለዋል፤ በግእዝ ልብስ ሊያለብሷቸው አልሞከሩም። ይህ ማስተዋል ነው።

ሂሳችን የሚያተኩረው ስለ አፈሙዝ ግለትና ግለቱን ስለ መቈጣጠር በሚናገረው ክፍል ላይ ነው። በሌሎቹ ክፍሎች የሚገኝ የቃል ጉድለት አንባቢን ያደናግር ይሆናል፤ በዚህኛው ክፍል የሚገኝ ጉድለት ግን አካል ሊያጐድል፣ ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል።

ረቂቁ በተነበበበት ስብሰባ ላይ ለረዥም ዘመን በመትረየስ ተኳሽነት ያገለገሉ አንድ ጡረተኛ መቶ አለቃ ተጋብዘው ነበር። «አፈሙዙ ከመጠን በላይ ሲሞቅ ይዞ በማውጣት በሌላ መለወጥ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ሲነበብ ፈገግ አሉና፣ «ዶክተር፣ ሲሞቅማ ገና ነው፤ ሲግል ቢሉን ይሻላል። ደግሞስ አፈሙዙን ይዞ ሲሉን የትኛውን ጫፍ ነው? እኔ በየትኛውም በኩል በባዶ እጄ አልይዘውም» አሉ። ከዚህ በታች የምናቀርበው ሁሉ ለእኒህ ሁለት አስተያየቶች የተሰጠ ማብራሪያ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

1. ከቃሉ በፊት ነገሩ

የቃላት ዝርዝር አዘጋጅ መሐንዲስ እንዲሆን አይጠበቅበትም። ሆኖም ነገሩን ሳይረዳ ስም ሊያወጣለት አይችልም። ስለዚህ አፈሙዝ እንዴት እንደሚግል አስቀድመን ባጭሩ እንመልከት።

ምላጭ ሲሳብ በቀለሃው ውስጥ ያለው ባሩድ ይነድና ሙቀቱ ከ2000 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚበልጥ ጋዝ ይሆናል። ይህ ጋዝ አረሩን እየገፋ አፈሙዙን አቋርጦ የሚወጣው በአንድ ሺህኛ ሴኮንድ ገደማ ነው። ጊዜው እጅግ አጭር ስለ ሆነ አንድ ተኩስ ብረቱን እምብዛም አያግለውም፤ የውስጡን ገጽ ብቻ ለቅጽበት ለብልቦት ያልፋል። የባሩዱ ጉልበት እንዴት እንደሚከፋፈል በግምት ብንናገር፣ እንደ መሣሪያው ዓይነት ቢለያይም፣ በጠመንጃ ሲሶ ያህሉ አረሩን ያስወነጭፋል፤ ሌላው ሲሶ ያህል ከጋዙ ጋር ወጥቶ በአየር ላይ ይበተናል፤ የቀረው ሲሶ ገደማ ወደ ብረቱ ይሰርጋል።

እዚህ ላይ የረቂቁ የመጀመሪያ ስሕተት ይታያል። ረቂቁ የአፈሙዝን ግለት ሲፈታ «አረሩ ከአፈሙዙ ውስጣዊ ገጽ ጋር በመፋተጉ የሚፈጠር ሙቀት» ይላል። አረሩ በጥምዝምዙ ቦይ ውስጥ እየታሸ ስለሚያልፍ ፍትጊያ መኖሩ አይካድም፤ ድርሻው ግን ትንሽ ነው። ዋናው የግለት ምንጭ የሚነደው ጋዝ ነው። ፍቹ ከምንጩ ከተሳሳተ ከፍቹ የሚወለደውም ምክር ይሳሳታል። ግለት ከፍትጊያ የሚመጣ የሚመስለው ወታደር መድኀኒቱ ዘይት መቀባት ይመስለዋልና።

ሁለተኛው መታወቅ ያለበት ነገር ግለት የሚጠራቀም መሆኑ ነው። ወደ ብረቱ የሚገባው ሙቀት ፈጥኖ ይገባል፤ ከብረቱ የሚወጣው ግን ወደ አየር ቀስ ብሎ ይወጣል። ስለዚህ ወሳኙ የተተኰሰው ጥይት ብዛት ብቻ አይደለም፤ በምን ያህል ጊዜ ውስጥ እንደ ተተኰሰም ይቈጠራል። ይህን እንጀራ የምትጋግር ሴት ያለ አስተማሪ ታውቀዋለች። ምጣዱ እጅግ ሲግል እሳቱን ትቀንሳለች፣ ጥቂት ትታገሣለች፣ ታስሰዋለች፤ አለዚያ እንጀራው ያርርባታል። ተኳሽም እንዲሁ በሩምታና በሩምታ መካከል ፋታ ይሰጣል።

ሦስተኛው ነገር ቦታ ነው። አፈሙዝ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል አይግልም። ጋዙ እጅግ የሚያቃጥለውና የሚታመቀው ጥይቱ ከሚያድርበት ስፍራ ፊት ለፊት ባለው ክፍል ነው። ብረቱ አስቀድሞ የሚበላውም በዚያው ነው፤ የጥምዝምዙ ቦይ ጠርዝ እየተሸረሸረ ሲሄድ አረሩ አቅጣጫውን መጠበቅ ይሳነዋል። ከዚህም ሌላ ብረት ሲግል ይለጠጣል፤ ከአፈሙዙ በላይ ያለው አየር ይርገበገብና ኢላማው በማነጣጠሪያው ውስጥ የሚዋልል ይመስላል። ግለቱ እጅግ ከበረታ ብረቱ ጥንካሬውን ያጣል፤ ቀጥቃጮች ለዝቧል የሚሉት ዓይነት ነው።

2. «ሞቀ»፣ «ጋለ»፣ «ፋመ»

ረቂቁ ለሁሉም ደረጃ የሚጠቀመው «ሞቀ» በሚለው ግስ ነው፤ «መሞቅ»፣ «ከመጠን በላይ መሞቅ»፣ «እጅግ ከመጠን በላይ መሞቅ» እያለ ይቀጥላል። አንድን ግስ በተውሳከ ግስ እየቈለሉ ደረጃ ማበጀት ቋንቋው ሌላ ግስ ባይኖረው ኖሮ ይፈቀድ ነበር። አማርኛ ግን በዚህ ረገድ ድኻ አይደለም።

«ሞቀ» በመሠረቱ የምቾት ቃል ነው። ሰው እሳት ይሞቃል፣ ፀሐይ ይሞቃል። ቤቱ ሞቀ ሲባል እንግዳው በዛ፣ ጨዋታው ደራ ማለት ነው። ጠጅ የቀመሰ ሰው ሞቅ ይለዋል። እንዲህ ያለ የደስታ ጓዝ የተሸከመ ቃል ለአደጋ ማስጠንቀቂያ አይሆንም። መቶ አለቃው «ሲሞቅማ ገና ነው» ያሉት ከዚህ የቋንቋ ስሜት ተነሥተው ነው።

ከ«ሞቀ» በላይ «ጋለ» አለ። የሚግለው ብረት ነው፣ ድንጋይ ነው፣ ምጣድ ነው፤ ማለት እሳት የጠጣ ጠንካራ አካል ነው። ከ«ጋለ» በላይ ደግሞ «ፋመ» አለ፤ ቀጥቃጭ በወናፍ አጋግሎ በጉጠት የሚያወጣው፣ ፍም መስሎ የቀላ ብረት ነው። ልብ ብለን ብናስተውል ሕዝቡ ደረጃዎቹን የለካው በገዛ አካሉ ነው። የሞቀውን እጅ ይይዘዋል። የጋለውን እጅ አይችለውም። የፋመውን ዐይን ያየዋል። እነዚህ ልኮች በዲግሪም ሊተረጐሙ ይችላሉ። 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ የደረሰን ብረት እጅ ይዞ አይቈይም፤ ብረት በጨለማ ሲቀላ መታየት የሚጀምረው ደግሞ 500 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው።

የሚያሠጋው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ሰፊ ርቀት ነው። ባሩድ ምላጭ ሳይሳብ በሙቀት ብቻ ሊነድ የሚችለው ከ170 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ጀምሮ ነው። በዚህ ጊዜ አፈሙዙ ጋለ እንጂ አልፋመም፤ ለዐይን እንደ ወትሮው ጥቁር ነው። በሁለት ቃላት መካከል መለየትን ያልተማረ ወታደር አፈሙዙ ካልቀላ አደጋ የለም ብሎ ሊያምን ይችላል። ስለዚህ «ግለት» እና «መፋም» በዝርዝሩ ውስጥ ተለይተው መግባት አለባቸው፤ «ሙቀት» የሚለውም ስም ለጠቅላላው የሳይንስ ጽንሰ ሐሳብ ይጠበቅ።

«ከመጠን በላይ» የሚለውም ሐረግ አይበቃም፤ መጠኑ የማን እንደ ሆነ አይናገርምና። ሾፌሮች ሞተር «ሙቀት ሠራ» ይላሉ፤ ለእነርሱ ይህ ብቻውን ልኩ ማለፉን ይገልጻል፣ ተጨማሪ አያሻውም። ሐረጉ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ከሞተር ጋር የተቈራኘ ስለ ሆነና ሞተር ሞቆ መሥራት ያለበት ስለ ሆነ ለአፈሙዝ ማውረሱን አልመረጥንም። በስብሰባው ላይ «ልዕለ ግለት» የሚል ሐሳብም ቀርቦ ነበር። ቃሉ ለጆሮ ግርማ አለው፤ ግን ጠመንጃ ጨብጦ በጥድፊያ ላይ ያለ ሰው «ልዕለ» ምን እንደ ሆነ እስኪያስታውስ ጊዜ አይሰጠውም። «ከገደብ ያለፈ ግለት» የተሻለ ነው፤ ገደብ ሲባል አንድ የተወሰነ ቍጥር እንዳለ ያስታውቃል፣ አሠልጣኙም ቍጥሩን እንዲናገር ያስገድደዋል።

እግረ መንገዳችንን አንድ ነገር እናንሣ። ረቂቁ ተኩስንና ሙቀትን ሁለት የማይገናኙ ምዕራፎች አድርጎ ቢለያያቸውም ቋንቋው ግን ከጥንት አገናኝቷቸዋል። «ተኰሰ» ማለት ብረት አግሎ ሰውነትን ማቃጠል ነው፤ በጋለ ብረት ልብስን ማለስለስም መተኰስ ነው፤ ጠመንጃን ማስጮኽም መተኰስ ነው። «ትኩስ»ና «ትኩሳት» የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። «ነፍጥ»ም ቢሆን በዐረብኛ መጀመሪያ የሚነድ ዘይት፣ በኋላም ባሩድና የእሳት መሣሪያ ከተጠራበት ቃል የመጣ ነው። የቀድሞው ጠመንጃ በሚነድ ገመድ ባሩዱን በመለኰስ ይሠራ እንደ ነበር ስናስታውስ፣ ጠመንጃ «ተተኰሰ» መባሉ አያስደንቅም። አማርኛ ተናጋሪ ተኩስ ሲል እሳትን ሳይጠራ አያልፍም፤ የቃላት ሠሪም ይህን ዝምድና ሊጠቀምበት ይገባል።

3. አፈሙዝ ወዴት ነው?

የመቶ አለቃው ሁለተኛ ጥያቄ፣ «የትኛውን ጫፍ?» የሚለው፣ ከፊተኛው ይልቅ የከበደ ነው። ረቂቁ «አፈሙዝ» የሚለውን ቃል በአንድ ገጽ ላይ ለመላው የብረት ቱቦ፣ በሚቀጥለው ገጽ ላይ ደግሞ አረሩ ለሚወጣበት ጫፍ ብቻ ይጠቀምበታል። ከመጀመሪያው ፊደል «አፈ» እንደሚያመለክተው ቃሉ አፍን የሚመለከት ነው፤ በልማድ ግን መላውን አካል ሊጠራ ችሏል። የከፊሉን ስም ለጠቅላላው ማዋል በቋንቋ ውስጥ የተለመደ ስለ ሆነ ይህ ነውር የለውም። ጉዳቱ የሚመጣው አንዱ ጽሑፍ ሁለቱንም ሳይለይ ሲጠቀምበት ነው።

የዚህ መደበላለቅ ሥር በመሣሪያው ታሪክ ውስጥ ይገኛል። በቀድሞው ዘመን ጠመንጃ ባሩዱንና አረሩን የሚበላው ከፊት፣ በአፈሙዙ በኩል ነበር። ስለዚህ አፍ መባሉ እውነት ነበር፤ የሚጐርሰውም የሚተፋውም በዚያው አፍ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ እንደ ስናድርና ውጅግራ ያሉ ከኋላ የሚጐርሱ ጠመንጃዎች ሲመጡ የመብሊያው አፍ ወደ ኋላ ዞረ። ቋንቋው ደግሞ ሁለቱንም ያዘ፤ ዛሬም ጠመንጃ «ጐረሰ»፣ ወታደሩም «አጐረሰ» እንላለን፤ «አፈሙዝ» ግን በፊት ቀረ። የሚጐርሰው በአንድ ጫፍ፣ አፍ የተባለው በሌላ ጫፍ ሆነ ማለት ነው። እንዳየነው ግለቱ የሚጸናው በሚጐርሰው በኩል ነው። ስለዚህ «አፈሙዙ ሲግል» የሚለው ዐረፍተ ነገር የአንባቢውን ሐሳብ ወደ ፊተኛው ጫፍ ይወስደዋል፤ አደጋው ግን የሚጠብቀው ከኋላ ነው።

ረቂቁ ይህን ችግር ለመፍታት በአንዳንድ ቦታ «በርሜል» የሚለውን የውሰት ቃል አስገብቷል። የውሰት ቃል በመሆኑ አንነቅፈውም፤ «መትረየስ»ም ከፈረንሳይኛ የተዋስነው ነው፣ ዛሬ ማንም እንደ ባዕድ አያየውም። ልዩነቱ መትረየስ ሲመጣ ስፍራው ባዶ ነበር፤ የ«በርሜል» ስፍራ ግን በዘይትና በውሃ ማጠራቀሚያው ተይዟል። «በርሜሉ ሲግል ውሃ ጨምር» ተብሎ ቢጻፍ የትኛው በርሜል እንደ ሆነ ማን ያውቃል?

ይህን ጽሑፍ ያቀረበው ሰው በበኩሉ በስብሰባው ላይ «ቱቦ» የሚለውን ቃል ደግፎ ነበር። መቶ አለቃው «ዶክተር፣ ቱቦ የፍሳሽ ነው፤ ወታደር አፈሙዝ ነው የሚለው» ብለው መለሱ። ክርክሩ በዚሁ አበቃ፤ ትክክለኛው እርሳቸው ነበሩ። እንግዲህ ለመላው አካል «አፈሙዝ» ይጽና። አረሩ የሚወጣበት «የአፈሙዝ ጫፍ» ይባል። ጥይቱ ጐርሶ የሚቀመጥበት «የጥይት ማደሪያ» ይባል። ከማደሪያው ፊት ያለውና እጅግ የሚግለው ክፍል «ጉሮሮ» ቢባል፣ ቋንቋው ከአፍና ከመጉረስ የጀመረውን የአካል ምሳሌ ስለሚቀጥል ማንም ሳይነገረው ይገባዋል። በዚሁ አጋጣሚ ረቂቁ «ቃታ»ንና «ምላጭ»ን እንደ ጋዜጣ ቋንቋ አንዱን በሌላው ቦታ ከማስገባት እንዲቈጠብ እናሳስባለን።

4. «የቀዘቀዘ» እና «የሚበርድ»

ረቂቁ ግለትን የመቈጣጠሪያ ዘዴዎችን ሲዘረዝር «በውሃ የቀዘቀዘ መትረየስ» እና «በአየር የቀዘቀዘ መትረየስ» ይላል። ይህ የባዕዱን ቋንቋ ቅርጽ ቃል በቃል መከተል ነው። በአማርኛ «የቀዘቀዘ» የኃላፊ አንቀጽ ነው፤ ነገሩ አልቆ፣ ሁኔታው ጸንቶ ያሳያል። የቀዘቀዘ ሻይ ማለት ትኩስነቱ ያለፈ ሻይ ነው። «በውሃ የቀዘቀዘ መትረየስ» ያነበበ ሰው መሣሪያው አሁን ቀዝቃዛ እንደ ሆነ፣ ሊነካም እንደሚቻል ይረዳል።

እውነታው ግን የተገላቢጦሽ ነው። ሂራም ማክሲም እ.ኤ.አ. በ1884 የሠራው መትረየስና የብሪታንያ ጦር እ.ኤ.አ. በ1912 የተቀበለው ቪከርስ አፈሙዛቸው በውሃ የተከበበ ነበር። የቪከርስ ውሃ 4 ሊትር ያህል ሲሆን፣ 600 ያህል ጥይት ያለ ረዥም ፋታ ሲተኰስ መፍላት ይጀምራል። ከዚያ በኋላ መሣሪያውን የሚያድነው ውሃው እየፈላ ወደ እንፋሎት መለወጡ ነው፤ እንፋሎቱም ባከነ እንዳይሄድና ጢሱ ለጠላት እንዳይታይ በጎማ ቱቦ ወደ ዕቃ ተመልሶ ውሃ ይሆናል። «ቀዘቀዘ» የተባለው መሣሪያ እንግዲህ የፈላ ውሃ ታቅፎ የሚሠራ ነው። የሚፈላበት ሙቀት ደግሞ እንደ ቦታው ከፍታ ይለያያል፤ በባሕር ጠረፍ 100 ዲግሪ ሲሆን በአዲስ አበባ ከፍታ 92 ዲግሪ ገደማ ነው። ረቂቁ «ውሃው በ100 ዲግሪ ይፈላል» ብሎ የተረጐመው ለደጋ ተዋጊ ልክ አይሆንም።

ስለዚህ የትንቢቱን አንቀጽ ተጠቅመን «በውሃ የሚበርድ»፣ «በአየር የሚበርድ» እንበል፤ ይህ አሠራሩን ይናገራል፣ ስለ ወቅታዊ ሁኔታው ግን ምንም ተስፋ አይሰጥም። አፈሙዙን የሚከበውን የውሃ መያዣ ረቂቁ «የውሃ ጃኬት» ብሎታል። ወታደር ጃኬት የሚለብሰው ለብርድ ነውና ምሳሌው ይጋጫል። «የውሃ ቀፎ» እንዲባል እናቀርባለን፤ የአገራችን የንብ ቀፎ ረዥምና ድቡልቡል ስለ ሆነ ቅርጹ በትክክል ይመሳሰላል። በአየር በሚበርዱት ላይ ያሉት፣ በሆችኪስ እንደ ቀለበት በአፈሙዙ ግርጌ የተደረደሩት፣ «ክንፍ» መባላቸው ግን ተስማሚ ነው፤ ብረቱ ከአየር ጋር የሚገናኝበትን ገጽ ያበዛሉና።

5. «ቻለ»

በረቂቁ ውስጥ እጅግ ያሳሰበን ዐረፍተ ነገር በመልኩ ንጹሕ አማርኛ ነው፤ «መሣሪያው በደቂቃ 550 ጥይት ይችላል» ይላል። የተነገረው ስለ አሜሪካው ኤም 60 መትረየስ ነው። ቍጥሩ ትክክል ነው፤ አደጋው «ይችላል» በሚለው ግስ ላይ ነው።

«ቻለ» በአማርኛ ሁለት ፍች አለው። አንዱ ማድረግ መቻል ነው፤ ሁለተኛው መሸከም፣ መታገሥ ነው። መከራን ቻለ፣ ብርድን ቻለ እንላለን። ኤም 60 በደቂቃ 550 ያህል ጥይት መተኰስ ይችላል፤ ይህ አካሉ እየተመላለሰ የሚሠራበት ፍጥነት ነው። ብረቱ ግን ይህን አይችለውም። በመመሪያው መሠረት በዚህ ፍጥነት ሲተኰስ አፈሙዙ በየ1 ደቂቃው መለወጥ አለበት፤ በደቂቃ 200 ሲተኰስ በየ2 ደቂቃው፤ በደቂቃ 100 ሲተኰስ ግን በየ10 ደቂቃው ይለወጣል። ሦስቱ ቍጥሮች ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ይናገራሉ፤ ረቂቁ ግን ሁሉንም «የተኩስ ፍጥነት» በሚል አንድ ስም ጠቅልሏቸዋል። ሠልጣኙ ትልቁን ቍጥር ይዞ ቢሄድ አይፈረድበትም።

ለመጀመሪያው «የዑደት መጠን»፣ ለሁለተኛው «የጥድፊያ መጠን»፣ ለሦስተኛው «ዘላቂ መጠን» እንዲባል እናቀርባለን። ፍቻቸውም ሲጻፍ የመጀመሪያው መሣሪያው የሚሠራውን፣ የመጨረሻው ብረቱ የሚሸከመውን መሆኑ በግልጽ ይነገር፤ «ቻለ» ከፍቹ ይውጣ። የጀርመኑ ኤም ጂ 42 በደቂቃ እስከ 1200 ጥይት ይተኩስ ስለ ነበር አፈሙዙ በሴኮንዶች ውስጥ እንዲለወጥ ተደርጎ የተሠራ ነው። ፍጥነቱ ያለ ተለዋጭ አፈሙዝ ትርጉም እንደሌለው ሠሪዎቹ ያውቁ ነበር። «ተለዋጭ አፈሙዝ» የሚለውን የረቂቁን ቃል ያለ ክርክር እንቀበላለን። የኤም 60 አፈሙዝ መጀመሪያ ሲሠራ መጨበጫ ስላልነበረው በአስቤስቶስ ጓንት ይነቀል ነበር፤ ረቂቁ ግን «ይዞ በማውጣት» ሲል ጓንቱን ረስቶታል።

6. «የጥይት መብሰል»

የመጨረሻው ነጥብ ከሁሉ የከፋው ነው። ጥይት በጋለ ማደሪያ ውስጥ ጐርሶ ሲቈይ ከግድግዳው የሚመጣው ሙቀት ቀለሃውን አልፎ ባሩዱን ያነድደዋል፤ ምላጭ ሳይሳብ መሣሪያው ይተኰሳል። የባዕዱ ቋንቋ ለዚህ ከማዕድ ቤት የወሰደው ስም ስላለው ረቂቁ «የጥይት መብሰል» ብሎ ተረጐመው። በአማርኛ ግን የበሰለ ነገር መልካም ነገር ነው፤ እህሉ በሰለ፣ ሰውየው በሳል ነው፣ ነገሩ በስሏል እንላለን። «ጥይቱ በስሏል» የተባለ ምልምል ጥይቱ ለመተኰስ ደርሷል ብሎ ቢረዳ ያስደንቃል?

ይባስ ብሎ ረቂቁ ይህንኑ ክስተት በሌላ ገጽ ላይ ከ«ከሸፈ» ጋር አንድ ያደርገዋል። «ከሸፈ» ከመሣሪያው ዓለም ወጥቶ ለዕቅድና ለሤራ እስኪተርፍ ድረስ የታወቀ፣ ፍቹም የጠራ ቃል ነው፤ ምላጭ ተስቦ ጥይቱ ሳይተኰስ ሲቀር ከሸፈ ይባላል። የምንናገርለት ነገር ተቃራኒው ነው፤ ምላጭ ሳይሳብ ይተኰሳል። ሁለቱ የሚገናኙበት አደገኛ አጋጣሚ ግን አለ። በጋለ መሣሪያ ውስጥ ጥይት ሲከሽፍ፣ የከሸፈው ጥይት ማደሪያው ውስጥ ሆኖ በግለቱ ሊነድ ይችላል፤ መዝጊያው በዚያ ቅጽበት ቢከፈት ፍንዳታው ወደ ተኳሹ ፊት ይመጣል። መመሪያዎች ስለ ጋለ መሣሪያ ለብቻ የሚያስጠነቅቁት ስለዚህ ነው። በእኛ ቋንቋ ሁለቱ አንድ ስም ከተሰጣቸው ማስጠንቀቂያውን መጻፍ እንኳ አይቻልም።

ለዚህ «ግለት ወለድ ተኩስ» እንዲባል እናቀርባለን። ቅርጹ «ውሃ ወለድ በሽታ» በሚለው የለመድነው ነው፤ ምክንያቱንም ውጤቱንም በሦስት ቃላት ይናገራል። ይህ ቃል ሲኖር ሌሎች ነገሮችም ይብራራሉ። ኤም 60ና መሰሎቹ ሩምታው ሲያቆም መዝጊያቸው ወደ ኋላ የሚቀረው፣ ማደሪያቸውም ባዶ የሚሆነው፣ አየር እንዲገባና ግለት ወለድ ተኩስ እንዳይደርስ ነው። ተራው ቀለሃም ክብሩ ይታወቃል፤ ባሩዱን ከጋለው ግድግዳ ይለያል፣ ተወርውሮ ሲወጣም ከፊሉን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። የጀርመኑ ሔክለር ኡንድ ኮኽ ኩባንያ ጂ 11 የተባለውን ያለ ቀለሃ የሚተኩስ ጠመንጃ ሲሠራ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የገጠመው ትልቅ እንቅፋት ይኸው ነበር። ቀለሃው ሲቀር ግለቱን የሚሸከም ጠፋ፤ በከፍተኛ ሙቀት ካልሆነ የማይነድ ሌላ ባሩድ መፈለግም ግድ ሆነ።

7. ማጠቃለያ

ከላይ የተባለውን ለረቂቁ አዘጋጆች እንዲመች ባጭሩ እንሰብስበው።

ሙቀት፤ ለጠቅላላው የሳይንስ ጽንሰ ሐሳብ።
ግለት፤ እጅ የማይችለው የብረት ሙቀት።
መፋም፤ ብረቱ ቀልቶ ለዐይን የሚታይበት ደረጃ።
ከገደብ ያለፈ ግለት፤ በመመሪያ የተወሰነውን ልክ ያለፈ።
አፈሙዝ፣ የአፈሙዝ ጫፍ፣ ጉሮሮ፣ የጥይት ማደሪያ፤ እያንዳንዱ በየቦታው።
በውሃ የሚበርድ፣ በአየር የሚበርድ፣ የውሃ ቀፎ፣ ክንፍ።
የዑደት መጠን፣ የጥድፊያ መጠን፣ ዘላቂ መጠን።
ክሽፈት፤ ምላጭ ተስቦ አለመተኰስ።
ግለት ወለድ ተኩስ፤ ምላጭ ሳይሳብ በግለት መተኰስ።

የረቂቁ ድክመት ከቃላት እጥረት የመጣ አይደለም። ከዘረዘርናቸው ውስጥ አዲስ የተፈጠረ ሥር አንድም የለም፤ ሁሉም በምጣድ ዙሪያ፣ በቀጥቃጭ ወናፍ ፊት፣ በወታደር አፍ የነበሩ ናቸው። ድክመቱ የመጣው አዘጋጆቹ የባዕዱን ቃል አይተው ነገሩን ባለማየታቸው ነው። መዝገበ ቃላት ፊት ተቀምጦ የተሠራ አቻ ቃል መሣሪያው ፊት ቆሞ መፈተን አለበት።

በመጨረሻም ሂሳችን የተነሣበትን ዐረፍተ ነገር እንደገና እንጻፈው፤ «ግለቱ ከገደብ ሲያልፍ መጀመሪያ የጥይት ማደሪያው ባዶ መሆኑ ይረጋገጥ፤ ቀጥሎም አፈሙዙ በጓንት ተይዞ ይነቀልና በተለዋጭ አፈሙዝ ይተካ»። ከፊተኛው ይረዝማል፤ ነገር ግን የትኛውን ጫፍ ብሎ የሚያስጠይቅ አይደለም። ረቂቁ ታርሞ ለሁለተኛ ጊዜ ሲቀርብ መቶ አለቃው ዳግመኛ እንዲጋበዙ፣ የታረመውም ከማንም በፊት ለእርሳቸው እንዲነበብላቸው እናሳስባለን።